ግልጽ ደብዳቤ፦ የማርኮ ፖሎ ቆርቆሮዎች እናንተ ጋ ይኖሩ ይሆን?

ለኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን የቤተ መዛግብት ክፍል፣
በቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለሠራችሁ ጡረተኞችና ለቤተሰቦቻችሁ፣
አሮጌ የፊልም ቆርቆሮ ቤታችሁ ላለ ሁሉ፣
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በጃንሆይ ዘመን ከእንግሊዝ ተገዝተው የመጡ ፊልሞች እንዲፈለጉ ስለመጠየቅ

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ልመናዬ አጭር ነው፤ ማብራሪያው ግን ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ። በግምጃ ቤታችሁ፣ በምድር ቤታችሁ፣ ወይም ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ በማይታወቅ ክፍል ውስጥ ክብ የፊልም ቆርቆሮ የተደረደረበት መደርደሪያ ካለ፣ እባካችሁ አንድ ሰው መድቡና የተለጠፈበትን ጽሑፍ አንብቡልኝ። የምፈልገው «ዶክተር ሁ» የሚለውን ነው። በተለይ ደግሞ ስለ ጥንቱ የቬኒስ ተጓዥ ስለ ማርኮ ፖሎ የቻይና ጉዞ የሚተርኩትን ሰባት ክፍሎች።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ከዚህ በፊት ይህንኑ የጠየቃችሁ ሰው ካለም መደጋገሜን ይቅር በሉኝ።

«ዶክተር ሁ» ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963 የጀመረው የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት መሆኑ ነው። አንድ ነጭናጫ ሽማግሌ አለ፤ ዶክተር ይሉታል። ታርዲስ የምትባል መንኮራኩር አለችው። ከውጭ ሲያዩዋት የፖሊስ ስልክ ማስቀመጫ ሳጥን ናት፤ ከውስጥ ግን አዳራሽ ታክላለች። በቦታም በጊዜም ትጓዛለች። ችግሩ፣ ሰውዬው በቅጡ አይነዳትም። ተነሥተው የት፣ በየትኛው ዘመን እንደሚያርፉ አያውቁም። አንድ ቀን ሌላ ፕላኔት ላይ፣ ሌላ ቀን ኔሮን ቄሣር ግቢ።

ዛሬ ሰው ድራማውን የሚያውቀው በዳሌኮቹ ነው፤ በእነዚያ «እናጥፋቸው!» እያሉ በሚጮኹ የብረት ፍጡሮች። መነሻ ሐሳቡ ግን ሌላ ነበር። የቢቢሲ የድራማ ክፍል ኃላፊ የነበረው ካናዳዊው ሲድኒ ኒውማን ልጆች እየተዝናኑ እንዲማሩ ፈለገ። ስለዚህ ከዶክተሩ ጋር ከሚጓዙት ሁለቱ አስተማሪዎች ሆኑ፤ ኢያን የሳይንስ፣ ባርባራ የታሪክ። አዘጋጇ ቬሪቲ ላምበርት ገና ሃያዎቹን ያልጨረሰች ሴት ነበረች። የመጀመሪያውን ታሪክም የማርኮ ፖሎን አብዛኛውን ክፍልም ዳይሬክት ያደረገው ዋሪስ ሁሴን ደግሞ ሕንድ ውስጥ የተወለደ ወጣት ነው። በዚያን ጊዜው ቢቢሲ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ወደ ጥንት ዘመን የሚሄዱት ታሪኮች ላይ ጭራቅ የለም። ሮቦት የለም። የሳይንስ ልብ ወለዱ ያቺ ሳጥን ብቻ ናት። ከእሷ ከወጡ በኋላ ያለው ሰውና ዘመኑ ነው። እኔን የገዛኝም ይሄ ነው።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1964 የተላለፈውን የአዝቴኮችን፣ የጥንቶቹን የሜክሲኮ ሰዎች፣ ታሪክ ውሰዱት። እሱ እንኳ ደግነቱ አራቱም ክፍሎች ተርፈዋል። ባርባራ ከአንድ የጥንት ካህን መቃብር ውስጥ ትወጣለች። የሟቹን አምባር እጇ ላይ ያዩ ሰዎች ካህኑ በሌላ አካል ተመልሶ መጣ ብለው ይሰግዱላታል። የታሪክ አስተማሪ ናትና ኮርቴዝና ስፔኖቹ ሲመጡ ምን እንደሚደርስባቸው ታውቃለች። የሰው መሥዋዕቱን ባስቀር የቀረው ሥልጣኔያቸው ይተርፋል ብላ ታስባለች። ዶክተሩ ይቆጣታል። ታሪክን መቀየር አትችይም፣ አንዲት መስመር እንኳ፣ ይላታል። እሷ እምቢ ትላለች።

የዝናብ ልመናው ቀን ደረሰ። ባርባራ ሊሠዋ የቀረበውን ሰው እንዳይነኩት አዘዘች። ይሄኔ ሰውዬው እግሯ ላይ ወድቆ ያመሰግናታል ብለን ስንጠብቅ፣ ክብሬን ቀማሽኝ ብሎ ከቤተ መቅደሱ አናት ራሱን ወረወረ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። እስቲ አሁን ለዚያ ሕዝብ መሥዋዕት ከንቱ ነው ብላችሁ አስረዱ!

መጨረሻው ደግሞ ይብሳል። መሥዋዕት የሚያቀርበው ክፉው ካህን ትሎቶክስል ያሸንፋል። ባርባራን ያመናት ደጉ ካህን አውትሎክ ያለውን ሁሉ አጥቶ ብቻውን ወደ በረሃ ይሄዳል። ዶክተሩ ሥልጣኔውን ባታድኚም አንድ ሰው ረድተሻል ብሎ ያጽናናታል። ቅዳሜ ማታ፣ ለልጆች በሚተላለፍ ፕሮግራም ላይ! ዛሬ ይህን ለመጻፍ የሚደፍር የልጆች ድራማ ስንት አለ?

ሁሉም እንዲህ የከበደ እንዳይመስላችሁ። እዚያው ታሪክ ውስጥ ዶክተሩ ካሜካ ለምትባል የደስ ደስ ላላት ሴትዮ በገዛ እጁ ካካዋ ያፈላላታል፤ አብረው ይጠጣሉ። ለካ በዚያ አገር ካካዋ አብሮ መጠጣት መታጨት ኖሯል። ሽማግሌ የለ፣ ጥሎሽ የለ፣ በአንድ ስኒ ካካዋ ታጨ። ፊቱን ማየት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የተላለፈው የሮማውያን ታሪክማ ከነጭራሹ ቀልድ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 64 ነው። ዶክተሩ ታዋቂ ሙዚቀኛ መስሎ ኔሮን ግብር ላይ ይቀርባል። ክራር መሰል ነገር አስያዙት፤ መደርደር ግን አይችልም። ምን አደረገ? ይህን ረቂቅ ዜማ የሚሰማው ጆሮው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው አለና ጣቱን ክር ሳያስነካ «ይጫወት» ጀመር። መኳንንቱ አልሰማሁም ማለት አፍረው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ኔሮን በቅናት ጨሰ። ኋላ ላይ ዶክተሩ መነጽሩን ከጀርባው ይዞ ቆሞ ሳለ ፀሐይዋ በመስታወቱ አልፋ የአዲሲቱን ሮም ካርታ አቃጠለች። ኔሮንም ከተማዋን የማቃጠል ሐሳብ ከዚያ መጣለት። ባርባራን አንዲት መስመር አትንኪ ያለው ያው ሰውዬ ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ማርኮ ፖሎ።

እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 22 እስከ ኤፕሪል 4 ቀን 1964 በሰባት ሳምንት ተላለፈ። የጻፈው የአዝቴኮቹ ደራሲ ጆን ሉካሮቲ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1289 ነው። ታርዲስ ፓሚር ተራራ ላይ ትበላሻለች። ማርኮ ፖሎ መንገደኞቹን ከብርድ ያድናቸዋል፤ ሳጥኗን ግን ይወርሳል። ለሞንጎሉ ንጉሠ ነገሥት ለኩብላይ ካን ገጸ በረከት አቅርቤ ወደ አገሬ ቬኒስ እንድመለስ ይፈቅድልኛል ብሎ ነው። ከዚያ ጎቢ በረሃን አቋርጠው ቤጂንግ እስኪደርሱ ጉዞ ነው። በየመሐሉ ካርታ ይታያል፤ ማርኮ ፖሎ የዕለት ማስታወሻውን በድምፁ ያነባል። ጎቢ በረሃው የተሠራው ለንደን ውስጥ ላይም ግሮቭ በሚባል ጠባብ ስቱዲዮ ነው። ያንን ሁሉ አሸዋ እንዴት እንዳስመሰሉት ፎቶግራፉን እያየሁ እገረማለሁ።

በረሃው ላይ አብሯቸው የሚጓዘው የሞንጎሉ የጦር አለቃ ቴጋና ሌሊት ተነሥቶ የውሃ ቅሎቹን ቀዳድዶ ውሃውን ያፈሰዋል። ሁሉም በጥም ሊያልቁ ሲሉ፣ ታርዲስ ውስጥ የገባው ዶክተር ግድግዳዋ ላይ ጤዛ አቅሮ ያገኛል። ከብርዱ ሌሊት በኋላ እርጥበቱ ወደ ውሃ ተለውጦ ነው። ማርኮ ፖሎ አያምነውም፤ ውሃ ደብቀህብኝ ነው ይላል። ይሄኔ የሳይንስ አስተማሪው ኢያን እንፋሎት እንዴት ወደ ውሃ እንደሚለወጥ ያስረዳዋል። ልጁ ክፍል ውስጥ ቢነግሩት የሚያዛጋበትን ትምህርት እዚህ ጋ ትንፋሹን ውጦ ይሰማል።

ኩብላይ ካን ሲመጣ ደግሞ ሪህ የሚያሠቃየው፣ የሚያነክስ ሽማግሌ ሆኖ ነው። ዶክተሩም ጀርባውን ታሟል። ሁለቱ ሽማግሌዎች እያቃሰቱ ይግባባሉ። ከዚያ ባክጋሞን የሚባል የገበታ ጨዋታ ይቀመጣሉ። ዶክተሩ ከንጉሠ ነገሥቱ 35 ዝሆን፣ 4,000 ነጭ ፈረስና 25 ነብር ይበላል። ያንን ሁሉ መልሶ አስይዞ ሳጥኔን ልውሰድ ይልና በመጨረሻው ጨዋታ ይሸነፋል። ይህን ትዕይንት በድምፅ ብቻ ነው የምናውቀው።

እንከን የለበትም አልልም። ቻይናውያኑንና ሞንጎሎቹን በአብዛኛው የሚጫወቱት ዓይናቸውን የተኳሉ ነጮች ናቸው። ዛሬ ሲያዩት ይከብዳል። ግን ለመውቀስም ቢሆን መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እውነተኛው ማርኮ ፖሎ የሐበሻን ምድር ባይረግጥም የሰማውን ጽፏል። የሐበሻ ንጉሥ አንድ ጳጳስ ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ፣ ሲመለስ የዓደን ሱልጣን ስላዋረደበት ሠራዊት አስከትቶ ዘመተ ይላል። ዓመቱን 1288 ያደርገዋል። ድራማው ከሚጀምርበት አንድ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ጠፋ? ባለቤቱ ራሱ ነው ያጠፋው። በዚያን ጊዜ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበር። ቢቢሲ ቴፑን እየደመሰሰ ሌላ ይቀርጽበት ነበር። ከተዋንያን ማኅበሩ ጋር የነበረው ስምምነትም አንድ ድራማ በተደጋጋሚ እንዳይተላለፍ ይገድብ ነበር። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ጥቁርና ነጩን ማን ያየዋል ተባለ። ቤት ውስጥ ቪዲዮ ገዝቶ የማየት ነገር ገና አልታሰበም። ለውጭ ሽያጭ በፊልም የተገለበጡትም የሽያጭ ውላቸው ሲያልቅ ተራ በተራ ተጣሉ። ይህ እስከ እ.ኤ.አ. 1978 አካባቢ ቀጠለ። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት 253 ክፍሎች ውስጥ እስካሁን ከ90 በላይ የሚሆኑት የሉም።

ጥንታዊ ታሪኮቹ ክፉኛ ተጎድተዋል። ሰባቱም የማርኮ ፖሎ ክፍሎች የሉም። የትሮይ ጦርነትና የእንጨቱ ፈረስ አራት ክፍሎች የሉም። እ.ኤ.አ. በ1572 ፓሪስ ላይ የተፈጸመው እልቂት ታሪክ የለም። የመስቀል ጦርነቱ፣ ሳላሕዲን እንደ ጨዋና አስተዋይ መሪ የሚታይበት፣ ግማሹ የለም። ተመልካቹ ጭራቅ ይሻለናል ስላለ ከ1967 መጀመሪያ በኋላ እንዲህ ያለው ንጹሕ የታሪክ ጉዞ ቆመ። ስለዚህ የጠፋው የሚተካ አይደለም።

ድምፁ ግን ተርፏል፤ የሁሉም። እንግሊዝ አገር ያሉ ልጆች ማይክራፎን ቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ጋ ደግነው በቴፕ ስለቀዱት ነው። እሑድ እሑድ የሬዲዮ ድራማ እየሰማን ላደግን ሰዎች በድምፅ ብቻ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ፣ ምስል የነበረው ነገር ምስሉ ሲጎድል ያስቆጫል።

ወደ እናንተ ያመጣኝ እዚህ ላይ ነው። ቢቢሲ ለውጭ አገር የሚሸጠው ቴፑን ሳይሆን በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተገለበጠ ቅጂ ነበር። ያ ቅጂ አውስትራሊያ ሄደ፣ ሆንግ ኮንግ ሄደ፣ ቆጵሮስ ሄደ፣ ናይጄሪያ ሄደ። ድራማው ከተሸጠላቸው አገሮች ዝርዝር ላይ ኢትዮጵያም አለችበት። ማርኮ ፖሎ ደግሞ ከጠፉት መካከል በብዙ አገር ከተሸጡት አንዱ ነው። የእኛ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሥራ ሲጀምር የአየር ሰዓቱን የሚሞላው በአገር ውስጥ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ የውጭ ፊልምም ይገዛ ነበር።

ፊልሙ ከአገር አገር ይዞር ነበር። አንዱ ጣቢያ አሳይቶ ሲጨርስ ወይ ለሚቀጥለው አገር ይልካል፣ ወይ ለንደን ይመልሳል፣ ወይ አቃጥሎ አቃጠልኩ ብሎ ይጽፋል። ደግነቱ አንዳንዱ ጣቢያ ሦስቱንም ሳያደርግ ግምጃ ቤት ጥሎት ረሳው። እግዜር ይስጠው! ከተገኙት ብዙዎቹ በዚህ ዓይነት ቸልተኝነት ነው የተገኙት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ናይጄሪያና ቆጵሮስ ውስጥ ተገኘ። በ1991 ከሆንግ ኮንግ አራት ክፍል ሙሉ ታሪክ መጣ። በ1999 ከመስቀል ጦርነቱ አንዱ ክፍል ኒውዚላንድ ውስጥ አንድ ፊልም ሰብሳቢ እጅ ተገኘ። ትልቁ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ነው። ፊሊፕ ሞሪስ የሚባል ፊልም ፈላጊ ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዕቃ ቤት ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች አወጣ። ከ40 ዓመት በላይ የለም የተባለው ፊልም አቧራ ለብሶ ቁጭ ብሎ ነበር። ጆስ ከተቻለ አዲስ አበባ ለምን አይቻልም?

«የራሳችን ሳይያዝ የፈረንጅ የልጆች ድራማ ፍለጋ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው፤ እኔም የእኛ ይበልጥብኛል። ነገር ግን ቆርቆሮው ሳይነበብ የቱ የእኛ፣ የቱ የእነሱ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ዶክተር ሁን ለመፈለግ መደርደሪያው ፊት የቆመ ሰው፣ ከጎኑ የድሮ ቲያትር፣ ከእሱ ቀጥሎ የክቡር ዘበኛን ሙዚቃ ሊያገኝ ይችላል። አንድ መዝገብ ለሁለቱም ይሠራል። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ማርኮ ፖሎ አዲስ አበባ ተገኘ ቢባል የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ይጽፈዋል። ያኔ ስለ ፊልም ማቀዝቀዣ ክፍል በጀት ሲጠየቅ ሰሚ ይገኛል።

የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ላይ ያላችሁ ደግሞ አደራ። «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ በኪሎ ከመሸጡ በፊት አንድ ሰው ይየው።

ለጡረተኞቹና ለቤተሰቦቻችሁ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን። ከጣቢያው ዕቃ ሲጸዳ አባታችሁ አዝነው ቤት ያመጡት ቆርቆሮ ካለ አትደብቁት፤ እንዲያውም ትመሰገናላችሁ። የድራማው መብት የቢቢሲ ነው፤ ፊልሙን ግን አውሶ ማስገልበጥና መልሶ መውሰድ ይቻላል። ፊልም ባይኖራችሁ ትዝታም ይጠቅማል። በስንት ዓመተ ምሕረት ታየ? በየትኛው ቀን? ከድሮ ጋዜጣ ላይ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ያገኘ ሰው ፎቶ ያንሣልኝ።

እንግዲህ ስትፈልጉ ይህን ተመልከቱ። ቆርቆሮው ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ ከ25 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ አንዱ ጥቅል 25 ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ርዕስ ስለነበረው የድራማው ስም ላይኖርበት ይችላል። «ዘ ሩፍ ኦፍ ዘ ወርልድ»፣ «ዘ ሲንጊንግ ሳንድስ»፣ «ፋይቭ ሀንድረድ አይስ»፣ «ዘ ዎል ኦፍ ላይስ»፣ «ራይደር ፍሮም ሻንግ ቱ»፣ «ማይቲ ኩብላይ ካን»፣ «አሳሲን አት ፔኪንግ»። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ቁሙ።

ስትከፍቱት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ቢሸት አትጣሉት። አሲቴት ፊልም ሲያረጅ እንደዚያ ይሸታል፤ በባለሙያ እጅ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ከሌሎቹ ለይታችሁ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ፕሮጀክተር ላይ ግን በጭራሽ እንዳታስኬዱት፤ የተሸበሸበ ፊልም እዚያው ይበጣጠሳል። የተለጠፈውን ወረቀት አትላጡ። ፎቶ አንሡና ለቢቢሲ ቤተ መዛግብት ጻፉ።

ፈልጋችሁ ከሌለም የለም በሉን፤ ዝርዝሩ ላይ አዲስ አበባን ሰርዘን ሌላ ቦታ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድሮ ቴሌቪዥን ወዳጅ